ሁለተኛው ዲስክ

ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው ጥቁር የጌም ማሽን ሞልቷል። ሁልጊዜ እንደሞላ ነው። ልጄ አዲስ ጌም ልጫን ባለች ቁጥር «ቦታ የለም፤ አንዱን አጥፊ» ይላታል። እሷም የትኛውን ላጥፋ ስትል ግማሽ ቅዳሜዋን ትፈጃለች። ያጠፋችው ጌም ከወር በኋላ መልሶ ያምራታል፤ መልሳ ታወርደዋለች፤ ለእሱ ቦታ ብላ ደግሞ ሌላውን ታጠፋለች። እኔ ከሥራ ደክሞኝ ጋርላንድ ያለው ቤታችን ስገባ የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ እዚያ ማሽን ውስጥ ገብቶ አልቆ አገኘዋለሁ። ስልኬ አንድ ፎቶ ለመክፈት ያምጣል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ዲስኩን በገዛ እጄ፣ በገዛ ገንዘቤ፣ ከሱቅ ገዝቼ አምጥቻለሁ። ጌሙ ዲስኩ ላይ ካለ ይህ ማሽን ሌሊትና ቀን የሚያወርደው ምንድን ነው? ልጄ እዚሁ ሰው አገር ነው የተወለደችው። አማርኛዋ እንደ ኩርንችት እየወጋት ነው የምትናገረው፤ ቢሆንም አስረዳችኝ።

«ማሚ፣ ዲስኩ ላይ ሁሉም የለም። ዲስኩ ትንሽ ነው፤ ጌሙ ትልቅ ነው። ሶ፣ ሌላው ከኢንተርኔት ይመጣል።»

«ታዲያ ለምን ትልቅ ዲስክ አይሠሩም?»

«ትልቁ እኮ ነው ይሄ።»

ይህን ነገር ያን ቀን በዚያው ብተወው ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን ነገር ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ስለዚህ በየእራቱ እየጎተጎትኩ አስለፈለፍኳት። በድሮ ጊዜ አንድ ጌም ሙሉውን፣ ከነሙዚቃው ከነሥዕሉ፣ ዛሬ አንድ ፎቶ በማይበቃው ቦታ ውስጥ ይገባ ነበር አለችኝ። ሠሪዎቹ እያንዳንዷን ነገር አምቀው፣ አጣጥፈው፣ ሰማዩንና ባሕሩን በአንድ ሥዕል ቀለሙን ብቻ እየቀያየሩ ይሠሩ ነበር። ማመቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሲፈታ ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። ሁለተኛው «ይህን ሰው አያስተውለውም» ያሉትን እየቆረጡ ይጥላሉ፤ የተጣለው ደግሞ ከዚያ በኋላ በምንም አይመለስም። ዛሬ ግን ቦታ ሞልቷል ብለው ይሁን ጊዜ አጥተው፣ እንዳለ ዘርግፈው ነው የሚሰጡን። አንዱን ዛፍ ማሽኑ ቶሎ እንዲያገኘው ብለው በየቦታው ደጋግመው የሚያስቀምጡበት ጊዜ ሁሉ አለ። ንግግሩን ደግሞ በዚህ በዚያ ቋንቋ እያደረጉ ይጭኑታል። አማርኛ አለበት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ለመረዳት ሥራዬን ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ኧርቪንግ አጠገብ ያለው አየር ማረፊያ ውስጥ የመንገደኛ ሻንጣ እመዝናለሁ። ሃምሳ ፓውንድ ሲባል ሃምሳ ፓውንድ ነው። ካለፈ «ሻንጣዎን ይክፈቱ፤ ያውጡ» እላለሁ። ሰውም ይከፍታል፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የጫማውን ካርቶን ይጥላል፤ ካልሲውን ጫማ ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ሦስት ሹራብ ደራርቦ ይለብሳል። አበሻ ሲሆን ደግሞ ምክሬ በአማርኛ ነው፤ «ሳጥኑን ጣሉት፤ ክብደቱ ሳጥኑ ነው» እላለሁ። በዚህ ምክሬ ስንቱ መርቆኛል። ዲስኩ ሞላ ሲባል «የቀረውን ቤትህ ሄደህ አውርድ» የሚሉትን እነዚያን የጌም ሠሪዎች ግን ሚዛኔ ፊት ባቆማቸው ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። ታላቄ ነው፤ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ነው የሚኖረው። ዕድሜውን ሙሉ ሚኒባስ ሲነዳ ኖሮ፣ ግራ እግሩ ክላች መርገጥ እምቢ ሲለው ጌም ቤት ከፈተ። ጌም ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል። ከመንገድ ዳር አንድ የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቶ፣ አራት ቴሌቪዥንና አራት ማሽን ደርድሮ፣ የሰፈር ወጣት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እየከፈለ የሚጫወትበት ቤት ነው። ማሽኖቹን እኔ ነኝ አንድ በአንድ ሰው በሄደ ቁጥር የላክሁለት። እሱና ሚስቱ የሚተዳደሩት በዚያች ክፍል ገቢ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት ደግሞ ለጌም ቤት መኸሩ ነው፤ የዓመቱን የሚያገኘው በዚያ ነው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ስንደዋወል ነገሩ ጥሩ አልነበረም። ማዕዘኑ ላይ ሌላ ጌም ቤት ተከፍቷል፤ ፈጣን መስመር አስገብቷል። የወንድሜ የክፍሉ ባለቤት ደግሞ ፀጉር ቤት የሚከፍት ሌላ ተከራይ አግኝታ «ክረምቱን ከሠራህበት ትቀመጣለህ፤ ካልሠራህበት ትለቅልኛለህ» ብላዋለች። ይህን ሁሉ የነገረኝ በጨዋታ መሃል፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወራ ሆኖ ነው። ከዚያም «ልጆቹ አዲስ የጦርነት ጌም ወጥቷል ይላሉ» አለኝ። ወንድሜ አይጠይቅም፤ ያነሳል እንጂ። እኔም ያነሳውን አንስቼ በማግስቱ ሱቅ ሄድኩ። በስልክ ዳታ እንዲህ ያለ ጌም ማውረድ የማይሞከር ስለሆነ ዲስኩ ነው የሚያድነው ብዬ አሰብኩ። አገኘሁልህ ብዬ ደውዬ አበሠርኩት። መረቀኝ።

የሚሄድ ሰውም ተገኘ። ፍሪስኮ የምትኖር፣ ቢሮ የምትሠራ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ነበረች። አበሻ አገር ቤት ሊሄድ ነው ሲባል ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ የመኪናዋ ኋላ ተከፍቶ፣ የእጅ ሚዛን ተንጠልጥሎ፣ ሰው ሁሉ ፌስታሉን ይዞ ተሰልፏል። የአንዱ መድኃኒት፣ የአንዷ የልጅ ጫማ፣ የሌላው መነጽር። ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። እሷም ተራዬ ሲደርስ የዲስኩን ሳጥን አየችው።

«ሶ፣ ቦክሱን አልወስድም፤ ማለቴ፣ ቦታ የለኝም እህቴ። ዲስኩን ብቻ አውጪና ስጪኝ፣ ኦኬ?»

ለእኔ ነው ይህ የሚነገረው! ሳጥን ጣሉ እያልኩ አገር የማስተምር ሰው! እንዲያውም ሳትጨርስ ነው የላዩን ፕላስቲክ የቀደድኩት። ሳጥኑ ሲከፈት በቀኝ በኩል ዲስኩ ቁጭ ብሏል፤ በግራ በኩል ማስታወቂያና ማስጠንቀቂያ የሞላበት የወረቀት ክምር አለ። ወረቀቱን ማን ያያል? ዲስኩን አውጥቼ ለስላሳ ጨርቅ አለበስኩት። እሷም በመጽሐፍ ቅዱሷ ባለ ዚፕ ማቀፊያ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ባዶውን ሳጥን ቆሻሻ መጣያ ፈልጌ ዞር ዞር ስል የቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ ክፍል ወንድም ካርቶን ታቅፎ መጣ። ስልክ መነካካት የማይሆንላቸው አረጋውያን ስላሉ ስብከቱን አሁንም በሲዲ እያባዛ ያድላቸዋል። የሲዲ ሳጥን መግዛት ብክነት ነው ስለሚል ካገኘው ሰው ሁሉ ባዶ ሳጥን ይለቅማል። የሽፋኑን ወረቀት አውጥቶ ነጩን ወደ ውጭ ይገለብጠውና የስብከቱን ርዕስ ይጽፍበታል። ሰጠሁት። ተሳክቶልኛል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዲስኩ ደረሰ። ስደውልለት ወንድሜ ድምፁ ሞቅ ብሎ «ደርሷል፣ ሠርቷል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ልጆቹስ አልኩት። «ተሰልፈዋል» አለ። ክፍሏስ አልኩት። «ክፍሏማ አለች» አለ። እኔም ሰማይ ነካሁ። ሥራ ቦታ ለማያውቁት ሰዎች ሁሉ፣ ለፊሊፒኖዋ የሥራ ባልደረባዬ ሳይቀር፣ በአንዲት ዲስክ አንድ ቤት እንዳዳንኩ አወራሁ። እንዲህ ሆኖ ክረምቱ ወደ መሃሉ ገባ።

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ፤ እማማ ነው የምንላቸው። እሳቸውም ጋርላንድ፣ ልጃቸው ቤት ስለሚኖሩ እሑድ እሑድ እኔ ነኝ የማደርሳቸው። ልጃቸው ነርስ ስለሆነች እሑድም ትሠራለች። አንድ እሑድ መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ሳስርላቸው ከቦርሳቸው አንድ ነጭ የሲዲ ሳጥን አወጡ።

«እስቲ ይህን ነገር እይልኝ ልጄ። ስብከቱ ክፍል አንዱ ግሩም ነው። ክፍል ሁለቱ ግን እምቢ አለኝ። ቀን በቀን እሞክረዋለሁ፤ አንዳች አይተነፍስም።»

መጋቢያችን ሲሰብክ እንደሚያረዝም የታወቀ ስለሆነ ሁለት ሲዲ መሙላቱ አልገረመኝም። ለድምፅ ክፍሉ ወንድም እነግርልዎታለሁ ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩት። በቀኝ በኩል ስብከቱ አለ። በግራ በኩል፣ ከማስታወቂያው ወረቀት ሥር፣ በስስ የወረቀት ኪስ ውስጥ ሌላ ዲስክ አለ። ጥቁር ነው። ላዩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው በጭስ መሃል ይሮጣል፤ በሥሩም በእንግሊዝኛ መጀመሪያ ይህን አስገቡ የሚል ተጽፏል። ያ የድምፅ ክፍል ወንድም ሽፋኑን ለመገልበጥ ጊዜ ሲኖረው ወረቀቱን ለማንሳት ጊዜ አጥቷል። እኔስ? እኔም አላነሳሁትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው። የሳጥን ክብደት ላድን ብዬ የጌሙን ግማሽ ለስብከት ሰጥቻለሁ። እማማ በዚህ ሁሉ ጊዜ መሣሪያቸው ውስጥ እየከተቱ ቃለ እግዚአብሔር ሊሰሙበት ሲደክሙ ከርመዋል።

ልጄ ከኋላ ወንበር አንገቷን አስግጋ አየችው። ጌሙ ስለማይበቃው በሁለት ዲስክ ነው የከፈሉት አለች፤ ይሄኛው ጌሙን የሚጭነው ነው፤ ያኛው ከተጫነ በኋላ ሊጫወቱ ሲሉ የሚገባው፣ ማጫወቻው ነው።

«ያኛው ብቻውን ይሠራል?» አልኳት።

«ኖ። ያለዚህ አይጫን። ወይ ሁሉንም ማውረድ አለበት።»

«አጎትሽ ሠርቷል ብሎኛል እኮ።»

«አይችል ማሚ። ሪሊ።»

ማን ላይ እንደምናደድ አላወቅኩም። መጀመሪያ የተናደድኩት ሠሪዎቹ ላይ ነው። አንድ ጌም በአንድ ዲስክ መሸከፍ አቅቷቸው ለሁለት ሰነጠቁት፤ ደግሞ ዋናውን ከማስታወቂያ ወረቀት ሥር ደበቁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ቀጥሎ ድምፅ ክፍሉ ላይ፣ ቀጥሎ ራሴ ላይ ተናደድኩ። እማማን ቤታቸው አድርሼ ሃይዌዩ ላይ ስወጣ ግን ሌላው ሁሉ ወጣልኝና ወንድሜ ብቻ ቀረ። «ተሰልፈዋል» ነው ያለኝ። ማን ነው የተሰለፈው? ምን ሊያይ ነው የተሰለፈው? አገር ቤት ያን ሰዓት መሽቶ ስለነበር እስከ ጠዋት ታገስኩ። እንዴት እንደታገስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰኞ ሥራ ከመግባቴ በፊት የሠራተኛ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሆኜ በቪዲዮ ደወልኩ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጌም ቤት የሚደምቅበት ሰዓት። አነሳው። ከኋላው የኳስ ጨዋታ ድምፅ፣ የሕዝብ ጩኸት ይሰማል። ደህና ነሽ ወይ፣ ልጅሽ ደህና ናት ወይ አለኝ። ሰላምታውን ጨርሼ ካሜራውን አዙረው አልኩት። ኔትወርኩ ደካማ ነው አለ። አዙረው አልኩት። መብራቱ ልክ አይደለም አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ቤቱን አሳየኝ።»

አዞረው። ሦስቱ ቴሌቪዥኖች ጠፍተዋል። አንደኛው ብቻ በርቶ አሮጌው የኳስ ጌም ይታይበታል። አግዳሚው ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። አንዱ የመጫወቻ እጀታ ጭኑ ላይ፣ ሌላው አጠገቡ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?»

«ብቻዬን ነው።»

«በሁለቱም?»

«አንዱን ከያዝኩ ሌላው ይቆማል። ድምፅ ካልተሰማ ደግሞ ከመንገድ ያለ ሰው ዝግ ይመስለዋል።»

ከዚያ በኋላ የወጣው ወሬ በልመና ነው የወጣው። የመጀመሪያው ዲስክ ሲደርሰው የጌሙን ሥዕል በሩ ላይ ለጥፎ ነበር። ልጆቹ መጡ። ማሽኑ «ሌላውን ዲስክ አስገባ» አለው። ነገ ኑ አላቸው። በነጋታውም ነገ ኑ አላቸው። ከዚያ ማዕዘኑ ላይ ያለው ቤት ገቡ፤ አልተመለሱም። እኔ በየሳምንቱ ስደውል ይህ ሰው ሠርቷል፣ ተሰልፈዋል ይለኛል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ቤቱን ሊበላው ነው።

ለምን አትነግረኝም ብዬ ጮኽኩበት። በመኪናው መስኮት በኩል ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ዞረው አዩኝ። «ስጦታ ሲሰጡት ጎደለ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለኝ፣ በጣም ረጋ ብሎ። ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር አንጀቴን አሳረረው። ልጄ ስለ ማመቅ ስትነግረኝ ሰው የማያስተውለውን ቆርጠው ይጥላሉ ብላኝ ነበር። ወንድሜ በየሳምንቱ ስልክ እያነሳ የራሱን ችግር እየቆረጠ ሲጥል ከርሟል፤ እኔ ዘንድ የደረሰው ምርቃቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ዲስክ ለመላክ አሁንም ሰው ያስፈልግ ነበር። ደግነቱ ራሳቸው እማማ ኦርቶዶክስ ለነበሩት እህታቸው ተዝካር ሊሄዱ ነው። ዲስኩን ይዤ ቤታቸው ሄድኩና የስብከቱ ክፍል ሁለት እንዳልሆነ፣ ለወንድሜ የሚሄድ እንደሆነ ነገርኳቸው። ክፍል ሁለት የሚባል ኖሮም እንደማያውቅ ሲሰሙ ቅር አላቸው። ዲስኩን ገልብጠው አዩትና ይህ ሰውዬ ወዴት ነው የሚሮጠው አሉኝ። ጨዋታ ነው አልኳቸው፤ የምን ጨዋታ እንደሆነ አልዘረዘርኩም። ሻንጣ ውስጥ አልከትም፣ ሻንጣ ይጠፋል ብለው በእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከመነጽራቸው ጋር ያዙት። በሚሄዱበት ቀን ሻንጣቸውን የመዘንኩት እኔው ነኝ። አልፎ ነበር። ሕግ ሕግ ነው፤ አስወጣኋቸው። ከዘመዶቻቸው ያለፈ ለጎረቤት ሁሉ የያዙትን ሳሙናና ሎሽን እያጉረመረሙ ቀነሱና ሄዱ።

በእነዚያ ቀናት አንድም ነገር በትክክል አልሠራሁም። በየመሃሉ ስልኬን አያለሁ። የክፍሏ ባለቤት የሰጠችው ጊዜ እያለቀ ነው፤ ክረምቱም እያለቀ ነው። ልጄ ስለ ዲስክ ልታወራ ስትል ዝም በይ አልኳት። እሷ ግን አንድ ነገር ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር፤ ያኔ ጆሮ አልሰጠኋትም።

ወንድሜ የደወለው ለዕረፍት ወጥቼ ሻይ ስቀዳ ነው። እሱ ራሱ አይደውልም፤ እኔ ነኝ የምደውለው። ኩባያውን አስቀምጬ አነሳሁት።

«ሲዲው ደርሷል» አለኝ። «እናትየዋ እስከ ደጄ ድረስ መጥተው ነው የሰጡኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ሠርቷል፣ ተሰልፈዋል። አልመጣም። በስልኩ ውስጥ የታክሲ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«አልሠራም» አለ።

ሁለቱንም ዲስክ እንዳስገባ፣ ሲጫን ግማሽ ቀን እንደፈጀ፣ አራት ልጆች ተጠርተው መጥተው አብረውት እንደጠበቁ ነገረኝ። ጭኖ ሲጨርስ ማሽኑ ጌሙን ለመክፈት አፕዴት የሚሉትን ማሻሻያ አውርድ አለው። አፕዴቱ የአንድ ዲስክ ያህል ነው። በስልክ ዳታ ሞከረው፤ ካርዱ አለቀ፤ የወረደው ከመጀመሪያው ምልክት ፈቀቅ አላለም። ልጆቹ ተነስተው ሄዱ። ልጄ ልትነግረኝ የነበረው ይህንን ነው። ሁለት ዲስክ ሙሉ ገዝቼ፣ በሁለት ሰው፣ በሁለት አውሮፕላን ልኬ፣ ጌሙ አሁንም ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው። ምን የሚሉት ሥራ ነው ይሄ? ዲስኩን ምን ሊያደርጉት ነው የሚሸጡልን? እነዚያን ሰዎች እዚያው ሻይ ክፍል ቆሜ ረገምኳቸው።

ወንድሜ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር ተናገረ።

«እኔማ ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። ያለ አፕዴት እንደማይከፈት ልጆቹም ነግረውኛል። ሲዲ ብቻውን ዋጋ የለውም። የላክሽውን ዝም ብዬ ከማስቀምጠው ግን ምናልባት ብዬ ሞከርኩት።»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ዲስክ ልልክ ነው ስልህ ለምን ዝም አልክ?»

«አገኘሁልህ ብለሽ ስትደውዪ ደስ ብሎሽ ነበራ።»

ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ግን ያን ሰዓት ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ፣ አፌን በእጄ ይዤ ግድግዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ያንን ቀን አስታወስኩት። እውነቱን ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሱቅ ወጥቼ መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ነው የደወልኩለት። እሱም ያንን ደስታ ሰምቶ፣ እንዳይነካብኝ ብሎ፣ የራሱን ቤት ለደስታዬ መያዣ አደረገው።

ምንድን ነበር የሚያስፈልግህ አልኩት። መጀመሪያ ተወው አለ። አልተውም፣ ንገረኝ አልኩት። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ ነገረኝ። እዚህ በልጄ ማሽን ላይ ጌሙን ከነአፕዴቱ ማውረድ። ያንን ተሰክቶ የሚነቀል ትልቅ ማከማቻ ላይ መገልበጥ። ማከማቻውን መላክ። የእሱ ማሽንና የእኛ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እዚያ ሲሰካው ይከፈታል፤ ማጫወቻው ዲስክ እጁ ላይ አለ። የማከማቻውን ዓይነት ያውቀዋል፤ መጠኑን ያውቀዋል፤ ገመዱ እንኳን የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ማዕዘኑ ላይ ላለው ጌም ቤት ባለቤት የአክስቱ ልጅ እንዲሁ አድርጎ እንደላከለት ጨምሮ ነገረኝ። ክረምቱን ሙሉ ይህንን ሁሉ ተሸክሞ ነው እግዜር ይስጥልኝ ሲለኝ የከረመው።

ዛሬውኑ አወርደዋለሁ አልኩት። ልጄ ማሽኗ ላይ ያላትን ሁሉ አጥፍታ ቦታ ትሰጣለች፤ ባትፈልግም ትሰጣለች። ሰው እፈልጋለሁ፤ በዚህ ሳምንት የሚሄድ አበሻ አይጠፋም፤ ሚዛኑ ላይ እይዘዋለሁ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። ስለ ክፍሏ ስጠይቀው ባለቤቲቱ ለወሩ መጨረሻ ቁርጥ አድርጋ እንደነገረችው፣ ፀጉር ቤት የሚከፍተውም ሰው መስታወቱን አምጥቶ ከበሩ አጠገብ እንዳቆመ ነገረኝ።

«እስከዚያ ይደርሳል?» አልኩት።

«አይደርስም» አለኝ። የጠየቅኩትን ብቻ ነው የመለሰልኝ፤ ምንም አልጨመረበትም። ሻዬ ቀዝቅዟል፤ የዕረፍት ሰዓቴም አልቋል። ልሰናበተው ስል ግን ጠራኝ።

«ግን ላኪው» አለኝ።